ቤቱ የማን ነው? በመሪ ጣሪያ ላይ ስለሚውለበለብ ሰንደቅ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «መሪ በሚኖርበት ቤት ላይ የተሰቀለ ጨርቅ ወጣ ወረደ ምን ያደርግልሃል? አይበላ፣ አይጠጣ!» ሲል ሞገተኝ። እንደ ብዙዎቻችን የሰንደቅ ዓላማ ክርክር የሰለቸው ሰው ነውና አልፈረድኩበትም። በእኛ አገር ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ጭቅጭቁ ስለ ቀለሙና በመካከሉ ስለሚያርፈው ምልክት ነው። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ሰንደቅ ከመሪ መኖሪያ በላይ ሲሰቀል ስለ ማን ይናገራል? ስለ ነዋሪው ወይስ ስለ ባለቤቱ? ጥያቄው በግልጽ የተፈተነው ለንደን ላይ ነውና ከዚያ ልጀምር።

የብሪታንያ ነገሥታት ከአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ የተለየ የራሳቸው ንጉሣዊ ሰንደቅ አላቸው። የእንግሊዝና የስኮትላንድ አንበሶች፣ የአየርላንድም በገና ይታዩበታል። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ንጉሡ እዚህ አሉ»። ሲገቡ ይሰቀላል፣ ሲወጡ ይወርዳል። ለሐዘን ግን ፈጽሞ ዝቅ አይልም፤ ንጉሥ ቢሞት ወራሹ በዚያችው ቅጽበት ነግሧልና ዙፋኑ ባዶ አይሆንም። እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ በልማዱ መሠረት በቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ላይ ከዚህ ሌላ አይሰቀልም ነበር። ንግሥቲቱ በሌሉ ጊዜ ምሰሶው ባዶውን ይቆማል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ቀን ልዕልት ዲያና ፓሪስ ላይ በመኪና አደጋ ሕይወቷ አለፈ። ሕዝቡ አበባ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ጎረፈ፤ ቀና ብሎ ሲመለከትም ያየው ባዶ ምሰሶ ነው። በሥርዓቱ መሠረት የተጓደለ ነገር አልነበረም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በስኮትላንድ ባልሞራል ነበሩና ምሰሶው ባዶ መሆን ነበረበት። ሐዘንተኛው ግን የደንብ መጽሐፍ አላነበበም። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ድንኳን ያልተተከለበት፣ በሩም የተዘጋ ግቢ እንዳገኘ ሰው ሆነ። ቁጣው በረታ፣ ጋዜጦችም አራገቡት። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 6 ቀን፣ ንግሥቲቱ ወደ ቀብሩ ሥነ ሥርዓት ሲሄዱ፣ ንጉሣዊው ሰንደቅ ወረደና የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ እስከ ምሰሶው እኩሌታ ዝቅ ብሎ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ነጋሢው በሌሉበት ቀን ሁሉ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ በዚያ ይውለበለባል።

ወዳጄ ጨርቅ ያለው ይህንን ነው። እኔ ግን ሕዝቡ የጠየቀው የጨርቅ ጥያቄ አይመስለኝም። «ሰውዬው ቤት አሉ ወይስ የሉም?» አላለም፤ «ይህ ቤት ከእኛ ጋር ያዝናል ወይስ አያዝንም?» ነው ያለው።

ሌሎች አገሮች ይህንን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰዋል። ሕንድ በ1950 እ.ኤ.አ. ሪፐብሊክ ስትሆን ለፕሬዚዳንቷ የተለየ ሰንደቅ ሰጥታ ነበር። ያንን ግን ኦገስት 15 ቀን 1971 አስቀርታ በብሔራዊው ሰንደቅ ዓላማ ተካችው። የእንግሊዝ እንደራሴ ይኖርበት በነበረው ቤት ላይ ከሁሉም ዜጋ የተለየ ጨርቅ መስቀል ለሪፐብሊክ እንደማይመች የገባት ይመስለኛል። በአሜሪካ ዋይት ሐውስ ላይ ደግሞ ከሴፕቴምበር 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በፕሬዚዳንት ኒክሰን አዋጅ፣ ፕሬዚዳንቱ ኖሩም አልኖሩም ሰንደቅ ዓላማው ሌትና ቀን ይውለበለባል። በ2018 ሴናተር ጆን ማኬይን በሞቱ በሁለተኛው ቀን ሰንደቁ ወደ ላይ ሲመለስ ቁጣ ተነሥቶ በዚያው ዕለት እንደገና ዝቅ ተደረገ። ሟቹና ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንደማይዋደዱ የታወቀ ነበር። ሕዝቡ ግን ምሰሶው የነዋሪው ስሜት መግለጫ አይደለም ሲል ተቆጣ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛም ታሪክ ቤተ መንግሥት ሞትን አያውቅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተሸሽጓል። ከዚያም በኋላ የይሁዳ አንበሳ ያረፈበት የንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ የአንድ ሰው ምልክት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ያ ሰው በቮልስዋገን ተጭኖ ከግቢው ወጣ። ነዋሪዎቹ ተለዋወጡ፣ በሰንደቁ ላይ ያለውም ምልክት አብሮ ተለዋወጠ። የምኒልክ ግቢ ከፊሉ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፍቷል፤ መልካም ነው። ሆኖም የቤት ባለቤትነት ከጉብኝት ትኬት በላይ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ፈተና የሐዘን ቀን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ምክር ቤቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፣ ሰንደቅ ዓላማውም ዝቅ ብሎ ዋለ። ከቆሻሻ ክምር ሥር ለሚኖሩ ድሆች የአገሪቱ ምሰሶ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዝቅ ያለ ሰንደቅ ካሣ አይሆንም፣ ቤትም አይሠራም፣ ጥፋተኛንም አይጠይቅም። ይህንን አልክድም። ነገር ግን ሟቾቹ የአገሩ ሰዎች እንደነበሩ መስክሯል። ከዚያ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ ከዋና ከተማ ርቀው፣ ስማቸው እንኳ ሳይጠራ የሞቱ ስንት ወገኖቻችን ምሰሶው ሳይነቃነቅ አልፈዋል! ወጉን በጽኑ የምንፈልገው ለዚህ ነው። ለማን ዝቅ እንደሚል በነዋሪው ፈቃድና በዕለቱ ፖለቲካ የሚወሰን ከሆነ፣ ያ ሰንደቅ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬም የሚናገረው «ጌታው ቤት አሉ» ብቻ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ጨርቅ መሆኑን አልከራከርህም። ነጠላም ጨርቅ ነው። ለቅሶ ቤት ስትገባ ዘቅዝቀህ የምትለብሰው ግን ጨርቅ ስለሆነ አይደለም።

ቸር ይግጠመን።