የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም



ከጎንደር ደጋ የሚነሣው ጓንግ መተማን አልፎ ወደ ገዳሪፍ ምድር ሲገባ አትባራ ይባላል። በክረምት የሚሸከመው አፈር ውሃውን ስለሚያጠቁረው ዐረቦች «ጥቁሩ ወንዝ» ብለው ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ይህን ደለል ሲቀበል ኖሮ፣ ከውሃ መያዣ ስፍራው ግማሽ ያህሉን አጥቷል። በወንዙ ላይ የሚታየው ይህ ነገር በየቤታችንም በትንሹ ይደገማል።

ጎርፍ ሲበርድ አስቀድሞ የሚቀመጠው ጠጠር ነው፤ ቀጥሎ አሸዋ፣ በመጨረሻም ሸክላ። የአሸዋ ቅንጣት የአንድ ክንድ ጥልቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ከሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ እጅ የማይበልጠው ሸክላ ግን ከአንድ ቀን በላይ ይንሳፈፋል። የሚቀጥለው ዓመት ጎርፍ በዚያ ላይ ሌላ አሸዋ ይከምራል። ስለዚህ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ሲቆፈር በመካከሉ ስስ የሸክላ ንጣፍ ይገኛል፤ ውሃም በዚያ ላይ ይቋጠራል።

ደቃቁ ቅንጣት ከውሃው ጋር በአሸዋው ክፍተት እየሾለከ ይወርዳል። ጉዞው የሚገታው ክፍተቱ ሲጠብበት ነው። ሻካራ አሸዋ ከላይ፣ ደቃቅ አሸዋ ከታች ከሆነ፣ ደለሉ በሁለቱ ድንበር ላይ ተከማችቶ መተላለፊያውን ይዘጋል።

በበርሜል ውሃ የምታጣሩ እናቶችና አባቶች ይህን ልብ በሉ! ከታች ጠጠር፣ ከመካከል ሻካራ አሸዋ፣ ከላይ በሚገባ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይደረግ። ያን ጊዜ ቆሻሻው እጅ በሚደርስበት በላይኛው ገጽ ላይ ይቀራል። ውሃው መውረድ ሲያዘገም ስሱን ገጽ ጠርጎ ማንሣት ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን መዘጋቱ በመካከል ስለሚሆን በርሜሉን በሙሉ መገልበጥ ግድ ይሆናል። ድፍርሱን ውሃ አስቀድሞ በእንስራ አሳድሮ፣ ዝቃጩን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መቅዳትም የአሸዋውን ዕድሜ ያረዝማል።

ሆኖም ዓይን የወደደውን ሁሉ ለልጅ አናጠጣ። የኮሌራ ተሕዋስ በመጠኑ ከሸክላ ቅንጣት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ሸክላው የሾለከበትን መንገድ እርሱም ሊሾልክበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የሱዳን መንግሥት የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን ሲያስታውቅ፣ ከሰላና ገዳሪፍ ብርቱ ጉዳት ከደረሰባቸው ክፍላተ ሀገር መካከል ነበሩ። በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ በተጨናነቀበት ስፍራ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ጭንቅ ነበር።

እንግዲህ አሸዋው የሚያጠራውን ያጥራ፤ የቀረውን እሳት ይጨርሰው። የተጣራው ውሃ እስኪንፈቀፈቅ ይፍላ፤ ከዚያም ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። ማገዶ ውድ በሆነበት በዚህ ጠረፍ ይህ ቀላል ድካም አለመሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ከአንድ ሕፃን ሕይወት ጋር ሲመዘን ጥቂት እንጨት ነው።