የቃሪያው ጣሳ



አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ሐዲሱን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። ብዙዎቻችን ግን «መሬት ያለው ይስማ» ብለን እናልፈዋለን። ለኪራይ ቤትና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃዋል።

የጣሳውን ሥር አራት አምስት ቦታ በምስማር ብሱት፤ ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዘሩን ከማዕድ ቤት ማግኘት ይቻላል። የበሰለ ቲማቲም ፍሬ የተጠቀለለበትን የሚያዳልጥ ልባስ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ፤ ዘሩ እዚያው ቲማቲሙ ውስጥ እንዳይበቅል የሚከለክለው ያ ልባስ ነውና፣ ሱብሓነላህ! የቃሪያ ዘር ደግሞ ከአረንጓዴው ሳይሆን ቀልቶ ከበሰለው ይወሰዳል። ሁለቱም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀበራሉ።

በጣሳ ያለ ቡቃያን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጥማት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ሁልጊዜ በራሰ አፈር ሻጋታ ይነሣል፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ይቀጥንና ይወድቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ልክ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ቧንቧ ከፍተን የምናፈሰውን አላህ ይቅር ይበለን።

ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቷት ሶላት በጀመረችበት ክረምት ሁለት ጣሳ ዘራን፤ ቲማቲሙ የእኔ፣ ቃሪያው የእሷ። ጠዋት ጠዋት የዉዱእዋን ውሃ በሳህን ተቀብላ በጣቷ ታርከፈክፍለት ነበር። ቲማቲሙ በዘጠነኛው ቀን ብቅ አለ፤ ቃሪያው ዝም አለ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን እሷ ለቁርዓን ሄዳ ሳለ «ይሄስ ሞቷል» ብዬ ጣሳውን ዘረገፍኩት። አፈሩን በእጄ ስፈረፍረው ከዘሮቹ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ወጥቷል! ቃሪያ ብርድ ሲያገኘው ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ የማስተምር ሰው ነኝ።

እውነቱን ለመናገር አፈሩን መልሼ ዝም ልል ቃጥቶኝ ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? ደግሞ «አትዋሹ» የምለው እኔው ነኝ። ስትመለስ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ «አባዬ፣ ብትጠይቀኝ እኮ ጠብቅ እልህ ነበር» አለችኝና ሥራቸው ያልተበጠሰውን መልቀም ጀመረች። አምስት አገኘን። መልሰን ቀበርናቸው፤ ሁለቱ ወጡ።

ቡቃያው እንደወጣ ብርሃን ወዳለበት መስኮት አስጠጉት፤ አለዚያ ብርሃን ፍለጋ እየቀጠነ ይረዝማል። መጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ ቅጠሎች ከዘሩ ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ አይቆጠሩም። ከእነሱ በኋላ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻ ወደ ሰፊ ዕቃ አዛውሩት፤ ስታነሡት ቅጠሉን ያዙ እንጂ ግንዱን አትጭመቁ።

ከሁለቱ ቃሪያዎች አንዱ አሁን አበባ ይዟል። የምታጠጣው እሷ ናት፤ እኔ ጣሳውን እንዳልነካ ተነግሮኛል።