ተቀናቃኝ የሌለው ንድፈ ሐሳብ

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ በሚገመገምበት ዕለት ፈታኞች ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ «የጥናቱ የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ንድፈ ሐሳብ ስም፣ የአመንጪው ስምና የታተመበት ዓመት ይሆናል። ጥያቄውም እዚያው ላይ ያበቃል። ሊቀጥል የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ ስሕተት ቢሆን ኖሮ የተሰበሰበው መረጃ ከአሁኑ በምን ይለይ ነበር? ለዚህ መልስ የሌለው ጥናት ንድፈ ሐሳቡን ጠቅሶታል እንጂ አልተጠቀመበትም።

በትምህርት፣ በሥነ ልቡናና በኢኮኖሚክስ የሚሠሩ በርካታ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አንድ ዓይነት ጉዞ ይጓዛሉ። ንድፈ ሐሳቡ በምዕራፍ ሁለት በሰፊው ይተረካል፤ መጠይቁ ሲዘጋጅና መረጃው ሲተነተን ይዘነጋል፤ በመጨረሻም በውይይቱ ክፍል «ግኝቱ ከዚህ ንድፈ ሐሳብ ጋር ይስማማል» በሚል ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ይሁን እንጂ አንድ ግኝት በአንድ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ንድፈ ሐሳቦች ጋር ሊስማማ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ስምምነቱ ለየትኛውም ማስረጃ አይሆንም።

በትምህርትና በኢኮኖሚክስ ድንበር ላይ ያለው ምሳሌ በጣም የታወቀ ነው። ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሰብአዊ ካፒታል ሥራው ትምህርትን እንደ መዋዕለ ንዋይ ቈጥሮ ተንትኗል፤ ትምህርት የሠራተኛውን ምርታማነት ያሳድጋል፤ ደመወዝም ምርታማነትን ተከትሎ ይጨምራል። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሌላ መንገድ አሳየ፤ ትምህርት ምርታማነትን ባይጨምር እንኳ፣ ቀጣሪው በዐይኑ ሊያየው የማይችለውን የአመልካቹን ችሎታ የሚጠቁም ምልክት በመሆኑ ብቻ ደመወዝን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የተማረ ሰው ካልተማረው የበለጠ እንደሚከፈለው ሁለቱም ይተነብያሉ። እንግዲህ የትምህርት ዓመታትንና ደመወዝን ብቻ አዛምዶ «የሰብአዊ ካፒታል ንድፈ ሐሳብ ተረጋገጠ» የሚል ጥናት ያረጋገጠው ሁለቱም አስቀድመው የተስማሙበትን ነገር ነው። የሚለያዩት ሌላ ቦታ ነው። ለምሳሌ ለማንም ቀጣሪ ማስረጃ ማሳየት የማያስፈልገው፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ከትምህርቱ ምን ያገኛል? የመጨረሻውን ዓመት አጠናቆ ዲግሪ የያዘውና ጥቂት ሲቀረው ያቋረጠው በገቢ ምን ያህል ይራራቃሉ? ልዩነቱ ለፖሊሲ ቀላል አይደለም። የቤከር ሐሳብ ሚዛን ከደፋ ትምህርትን ማስፋፋት የአገርን ምርታማነት ያሳድጋል። የስፔንስ ከደፋ ግን ዲግሪ የያዘው ሰው በበዛ ቍጥር ቀጣሪው ቀድሞ በዲፕሎማ ይሰጠው ለነበረው ሥራ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ወጣቱም ለዚያው ወንበር ተጨማሪ ዓመታትን ይከፍላል።

በሥነ ልቡና ደግሞ ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የሕፃናት ፈተና አለ። ሕፃኑ ፊቱ የተቀመጠለትን ጣፋጭ ወዲያው ከመብላት ታቅቦ ቢቈይ ሁለተኛ እንደሚጨመርለት ይነገረዋል። ብዙ የቈዩት ሕፃናት በኋለኛው ዕድሜያቸው በትምህርት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው የሚያሳዩ ክትትሎች ታተሙ፤ ውጤቱም በብዙዎች ዘንድ ራስን የመግዛት ችሎታ መለኪያ ተደርጎ ተወሰደ። ሆኖም ሕፃኑ የማይጠብቀው ራሱን መግዛት ስላቃተው ሳይሆን የተነገረውን ቃል ስላላመነ ሊሆን ይችላል። ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ይህን ፈተኑ። ለ28 ሕፃናት ከዋናው ፈተና አስቀድሞ የተሻሉ የሥዕል ቁሳቁሶች እንደሚመጡላቸው ቃል ተገባላቸው፤ ለግማሾቹ ቃሉ ተጠበቀ፣ ለግማሾቹ ታጠፈ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲቈዩ፣ የታጠፈባቸው የቈዩት 3 ደቂቃ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ከ900 በላይ ሕፃናትን ይዘው ባደረጉት ጥናት ደግሞ በቈይታና በኋለኛው ውጤት መካከል ያለው ተዛምዶ ቀድሞ ከታተመው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ፤ የቤተሰብ ሁኔታና የቀደመ የአእምሮ ችሎታ ሲታሰቡበትም ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ተቀነሰ። ይህ ራስን መግዛት ከንቱ ነው አያሰኝም፤ አንዱ ቍጥር የሁለት ታሪኮች ምስክር ሊሆን እንደሚችል ግን ያሳያል።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ አገር ቤት ያመጣል። ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር እየታወቀ አርሶ አደሮች ለምን ከሚጠበቀው በታች ይጠቀማሉ? ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት መልሱን በማዘግየት ዝንባሌ ውስጥ ፈለገ፤ ገበሬው ሊገዛ ያስባል፣ ዛሬ ነገ ሲል የአዝመራው ገንዘብ ያልቃል። ማዳበሪያውን ገንዘብ በእጅ በሚገኝበት ወቅት፣ ልክ ከአዝመራ በኋላ፣ ማድረሻ ሳያስከፍሉ ማቅረብ ተጠቃሚውን አበዛ። በዚያው ዓመት ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን በኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች መረጃ ላይ ተመሥርተው ሌላ መልስ አቀረቡ። ያለፉ ዓመታትን የዝናብ ሥርጭት ተጠቅመው፣ አርሶ አደሩን የሚያግደው የብድር እጥረት ብቻ ሳይሆን አዝመራው ቢከሽፍ በቤተሰቡ ላይ የሚደርሰው የምግብ ችግር ሥጋትም መሆኑን አሳዩ። በአንደኛው መልስ መፍትሔው ጊዜውን የጠበቀ አቅርቦት ነው፤ በሁለተኛው ኪሳራን የሚጋራ መድን ወይም ዋስትና ነው። አንዱን ሞዴል ብቻ አንብቦ ወደ መስክ የወጣ ተመራማሪ ሥጋት ያሠረውን ገበሬ «ዛሬ ነገ ባይ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በተሳሳተ ምክር የሚጐዳው ደግሞ ተመራማሪው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ፈጣን መልስ ይሰነዘራል፤ «እነዚህ ንድፈ ሐሳቦች የምዕራባውያን ናቸው፤ ከእኛ ሁኔታ ጋር አይሄዱም።» ሥጋቱ መሠረት አለው። በሌላ ኅብረተሰብ የተሠራ መለኪያ ተተርጕሞ ሲመጣ የሚለካውን ነገር ሊስት ይችላል። ነገር ግን ንድፈ ሐሳብን በትውልድ አገሩ መጣል በትውልድ አገሩ ከመቀበል አይሻልም፤ ሁለቱም ከፈተና ያመልጣሉ። የኢትዮጵያው የማዳበሪያ ጥናት ክብደት ያገኘው ሞዴሉ አገር በቀል በመሆኑ ሳይሆን፣ ሥጋትና የብድር እጥረት ተለይተው የሚታዩበትን መንገድ በመቀየሱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የዐቅም ነው። የማስተርስ ተማሪ ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ስለሆነ ሁለት ንድፈ ሐሳቦችን ማፋለም ይከብደዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ማንም ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ፍርድ አይጠብቅም። የሚፈለገው ግን ተጨማሪ በጀት ሳይሆን በምርምር ዕቅዱ ላይ የሚሰፍሩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የተመረጠው ንድፈ ሐሳብ ምን ይተነብያል፣ ተቀናቃኙ ማን ነው፣ ሁለቱን የሚለየው ምልከታ የትኛው ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና፣ ይህ መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ከተጻፈ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ መጨመር ይበቃል። መለየት ካልተቻለም «መረጃው ከሁለቱም ጋር ይስማማል» ብሎ መጻፍ የጥናቱ ውድቀት ሳይሆን ለቀጣዩ ተማሪ የሚተላለፍ ሥራ ነው።

የትምህርት ክፍሎችም የበኩላቸውን ማድረግ ይችላሉ። በምርምር ዕቅድ ቅጾቻቸው ላይ «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ» ከሚለው ርእስ ሥር «ተቀናቃኝ ማብራሪያ» የሚል አንድ ንዑስ ርእስ ቢጨምሩ፣ ተማሪውም አማካሪውም ፈታኙም በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። በግምገማው ዕለትም መልሱ በስምና በዓመት አያበቃም።