«መምህር፣ ዜና አጣን»

ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም የድምፅ ፋይል ላከልኝ። አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል፤ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ አድርገውታል። (እውነት ለመናገር ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያንቀላፋ ስለነበር ይህን አልጠበቅኩም። ይቅርታ፣ እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ።) የላከልኝ ልጆቹ ያዘጋጁትን የ10 ደቂቃ የሬዲዮ ዜና ነው። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «የልጆቹ ድምፅ አሪፍ ነው። ችግራችን፣ መምህር፣ ዜና አጣን።»

ሰማሁት። ድምፃቸው እውነትም አሪፍ ነው። የመግቢያ ሙዚቃው የ2 ሰዓቱን ዜና ያስንቃል። አምስት ርዕሰ ዜና አላቸው፤ ሦስቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ የአውሮፓ እግር ኳስ፣ አምስተኛው ደግሞ «ተማሪዎች ለፈተና ከወዲሁ ሊዘጋጁ እንደሚገባ ተገለጸ» የሚል። ማን ገለጸ? ለማን? የት ሆኖ? አይታወቅም። ተገለጸ፣ አለቀ።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ «ዜና አጣን»! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ የቅዳሜ ገበያ ዋጋ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት፣ ከአዘዞ ፒያሳ ለመድረስ ታክሲ ሰልፍ በሚያዝበት ከተማ። ግን በልጆቹ አልፈረድኩም። እኛም ያው ነበርን። ዛሬም ብዙ ቦታ ዜና የምናስተምረው ከጅራቱ ነው፤ ከንባቡ፣ ከድምፁ። መጀመሪያ የምንመርጠው አንባቢ ነው። ከዚያ የመግቢያ ሙዚቃ። ወሬው ራሱ በመጨረሻ ይፈለጋል፤ ያኔ ደግሞ ጊዜ ስለሌለ ከሌላ ጣቢያ ይገለበጣል። ግልበጣ ጫማ አያስጨርስም።

የራሴን ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ የልምምድ ዜናችን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ5 ደቂቃ፣ በአካባቢው ሬዲዮ ትተላለፍ ነበር። የምንጣላው ማን ያንብብ በሚለው ነው። የዜና ስብሰባ የምንለው ነገር ቆመን የምናወራት ሩብ ሰዓት ነበረች፤ ማን የት እንደሚሄድ ሳይወሰን እንበተናለን። አንድ ሳምንት ታዲያ ተራው የእኔ ሆነ። ስክሪፕቱን በሰዓት ስንለካው 40 ሰከንድ ይጎድላል። 40 ሰከንድ ለማያውቀው ትንሽ ይመስላል፤ ማይክ ፊት ግን ዘላለም ነው።

የተከራየሁበት ሰፈር ውሃ ከጠፋ 12 ቀን ሆኖት ነበር። አንድ የማውቀው የቧንቧ ሠራተኛ ሻይ ቤት በር ላይ አገኘሁትና ጠየቅኩት። «ነገ ይለቀቃል መሰለኝ» አለኝ። «መሰለኝ» የምትለዋን እኔ ቆረጥኳት። ሄጄ ጻፍኩ፦ «ተቋርጦ የቆየው የውሃ አገልግሎት ከነገ ጀምሮ እንደሚለቀቅ ተገለጸ።» ያ «ተገለጸ» እንግዲህ ሻይ ቤት በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው። ድምፄን ወፈር አድርጌ አነበብኩት። 40 ሰከንዷ ሞላች። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ።

አከራዬ እማማ ቤት ሬዲዮ አይጠፋም። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ደርሶ ጠላ ሊጠነስሱ ሲጠባበቁ ነበር። ዜናውን ሰሙና የቆጠቧትን ሁለት ጀሪካን ውሃ አወጧት፤ ጋን አጠቡባት፣ የሕፃኑን ልብስ አጠቡባት። ነገ ይመጣላ! ውሃው የመጣው ከ6 ቀን በኋላ ነው።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሬዲዮውን አይደለም ያመንኩት፤ ድምፅህን ስለማውቀው ነው» አሉኝ። እነዚያን 6 ቀናት ከታች ሰፈር ጀሪካን ተሸክሜ ሳመላልስ ከረምኩ። አንድ ምንጭ ይዤ ጽፌ፣ ከሌላ ምንጭ ስቀዳ ሰነበትኩ ማለት ነው። አሁን ስናወራው እንስቃለን። ያኔ ግን በዚያ በር በኩል መግባት ያሳፍረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ተገለጸ» የምትለዋን ቃል አልወዳትም። ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፤ በቀይ ስንቱን ሰርዣለሁ። ሰዋስው ስለተበላሸ አይደለም። ተናጋሪውን ትደብቃለች። ተናጋሪው ሲደበቅ ደግሞ ጸሐፊው አብሮ ይደበቃል። «የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው ነገ የሚለቀቅ ይመስለኛል አለኝ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ዜና እንዳልሆነ ራሴው አየው ነበር።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ አንድ ዓመት ከጃናሞራ የመጣ ተማሪ ነበረን። ዝምተኛ ነው። ለማን ነው የምንጽፈው ብለን ስንከራከር (አንዱ ለወጣቱ፣ አንዱ ለተማረው፣ አንዱ ለባለሥልጣኑ ሲል) ይህ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ሬዲዮውን እርሻ ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ባትሪው ሲደክም አውጥተው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ያሞቁታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አይከፍቱትም፤ ለዜና ይከፍታሉ፣ ሲያልቅ ይዘጋሉ። «አባቴ ባትሪ ቆጥቦ ነው የሚሰማን» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በእጃችን የነበረውን ስክሪፕት እንደገና አነበብነው። «ተግባራዊ በመደረግ ላይ እንደሚገኝ»፣ «ከፍተኛ አስተዋፅኦ እያበረከተ እንደሚገኝ»... ልጁ ሳይስቅ «ይኸው፣ ባትሪው አለቀ» አለ። ከዚያ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ረዥም ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሁሉ «የሰውየውን ባትሪ ጨረስከው» ይባል ነበር። የሬዲዮ አጻጻፍ መጽሐፍ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ለደጋው ሰው መጻፍን እንደዚህ ያስረዳኝ የለም።

በዚያው ዓመት አራት ተማሪዎች ደባርቅ ገበያ ወረዱ። ወረዱ አልኩ እንጂ ወጡ ነው የሚባለው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 2,800 ሜትር አካባቢ። የያዙት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዩሪያ ደርሷችኋል ወይ? ይዘውት የመጡት ቀረጻ ግን ንፋስ ብቻ ሆነ። ሹሹሹሹ። የደባርቅን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት የስልካቸውን ማይክ ንጹሕ ካልሲ አልብሰው ተመለሱ። ሁለት ገበሬ፣ አንድ የማኅበር ሰው፣ ሦስት ድምፅ። ሲቆረጥ 50 ሰከንድ ወጣው። ለ50 ሰከንድ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ! ኪሳራ ነው ያሉ መምህራን ነበሩ። ለእኔ የዚያ ዓመት ምርጥ ዜና እሱ ነው። ዜናው ጃናሞራ፣ ደባትና ወገራ ላለው ገበሬ «አንተ ጋስ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት።

ስለ ራሳችን አገር ከሩቅ መስማት ለምደናል። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1975። አባቶቻችን አንቴና እየጠመዘዙ የጎንደርን ነገር ከጀርመንና ከዋሽንግተን ሲሰሙ ኖረዋል። እነሱን አልወቅስም፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የነበረውን አስታውሱ። ሰው የሚጠይቀው ትልቅ ነገር አልነበረም። ወደ ደባርቅ መኪና አለ? ፈተና አለ? ባንክ ተከፍቷል? ይህን ከዋሽንግተን ማንም አይነግርህም። መልስ ያለው እዚሁ፣ በእግር በሚደረስ ቦታ ነው። የሚጠይቅ ሲጠፋ ቦታውን አሉባልታ ያዘው።

ወደ ልጄ ልመለስ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት። 10 ደቂቃ ዜና ለማዘጋጀት ሦስት ሰዓት ካላችሁ፣ አንዱን ሰዓት ሙሉ ለስብሰባ ስጡ። ልጆቹ ዜና ይዘው አይምጡ፤ ዛሬ ጠዋት እቤታቸው ስለምን እንደተነጫነጩ ይዘው ይምጡ። ከዚያ ውስጥ በእግር ሄደን፣ ሁለት ሰው ጠይቀን፣ እስከ ከሰዓት የምናጣራው የትኛው ነው በሉ። አንድ ብቻ ከተገኘ ዜናው የ2 ደቂቃ ይሁን። 10 ደቂቃ መሙላት ግዴታ ነው ያለ ማነው? አንባቢውን መጨረሻ ላይ ምረጡ፤ እንዲያውም የሄደው ልጅ ራሱ ያንብብ። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለም።

«መምህር፣ ልጆቹን ችግር ውስጥ እንዳልከታቸው» አለኝ። ልክ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር በተማሪ አፍ የሚጠየቅ አይደለም። ጠመንጃ ያለበትን ወሬ ልጅ ልኬ አላስጠይቅም፣ ማንም እንዲያስጠይቅ አልመክርም። ደግሞ ትንሹን ነገር ስትጠይቅም «ደብዳቤ አምጣ» የሚል አይጠፋም። ደብዳቤው ይጻፍ፣ ይወሰድ። ካልመለሱም «ጠይቀን መልስ አላገኘንም» ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ከአምስት «ተገለጸ» ትበልጥብኛለች። ግን ስለሚፈራው ነገር እያወራን ስለማይፈራውም ዝም ማለት ለምደናል። የሽንኩርት ዋጋ ለመጠየቅ ማን ይፈራል?

ትናንት ማታ መልሶ ጻፈልኝ። ስብሰባ አድርገዋል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን አንስታለች። «ርዕሰ መምህሩን ትጠይቅ ወይ?» ይለኛል።

«ትጠይቅ፤ አንተም አብረሃት ሂድ» አልኩት።

ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጥተዋል። አንብቦታል። መልስ ግን እስካሁን የለም።