ስድብ ተቃውሞ አይደለም

ወገኖች! መንግሥትን መቃወም መንግሥትን መስደብ መስሎን ስንት ዓመት ከረምን? ግመሉ ይሄዳል፣ ውሻው ይጮኻል። ጮኸን፤ ግመሉም ሄደ።

እስቲ 1997 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በዚያ ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ሕዝቡ ተሰልፎ የሰጠውን ከተማ ግን አልተረከበም። ጥይቱና እስሩ የመንግሥት ወንጀል ነው፤ ይህን ማንም አያስተባብልልን። ወንበሩን ባዶ መተው ግን የራሳችን የተቃዋሚዎች ጥፋት ነው። ውሃውን፣ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን ይዘን «እነሱ እንዲያ፣ እኛ እንዲህ» ብለን በሥራ ለማሳየት መሞከር ነበረብን። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ በ2007 ያችም ጠፋች። እስሩና አፋኙ ሕግ መንገዱን ጠረጉ፤ የእኛም ባዶ ወንበር አገዘ።

ጋዜጣውስ? ውሻ በበላበት ይጮኻል። የመንግሥቱ ለመንግሥት፣ የግሉ ለተቃዋሚ ከጮኸ፣ ለሰፊው ሕዝብ ማን ይጩኽ? ሚኒስትሩን «ሌባ!» ማለት ቀላል ነው፤ አይሰማውም። በጀቱን ገልብጦ «ይኸ ብር የት ገባ?» ሲሉት ነው የሚጨንቀው። ጋዜጣው ተቃዋሚውንም «አንተ ብትሾም ዳቦው በስንት ይሸጣል?» ብሎ ያፋጥው።

እኛ የምንለው ይኸው ነው፦ ያገኘኸውን ወንበር ያዝ፤ በቁጥር ተናገር፤ ለወዳጅህም አታዳላ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ሳያውቁ ከተናገሩ ግን አገር ይቀራል።