ታማሚዋን እህት መንገድ የሚመራት ማን ነው?

ረመዳን የመስጠት ወር ነው። ዘካ ይወጣል፣ ጎረቤት ለኢፍጣር ይጠራል፣ የታመመ ይጠየቃል። በነቀምቴም ሆነ በኡኬ፣ በአርጆም ሆነ በጊምቢ የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ይህን ከእናት ከአባታቸው ወርሰውታል። ነገር ግን ቴምር ይዘን ሄደን የጠየቅናት፣ «አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ» ብለን ዱዓ ያደረግንላት፣ እኛ ከወጣን በኋላ ብቻዋን የምትቀር አንዲት ታማሚ አለች። እርሷም የጡት ካንሰር ያለባት እህታችን ናት። ከምንም ነገር በላይ የጎደላት አብሯት የሚሄድ ሰው ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ፣ ከ9 ሺህ በላይ ሞተዋል። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ስለማያም «ያልፋል» ይባላል። ቦታው የሚታፈርበት ስለሆነ ለባል እንኳ አይነገርም። ወር በወር ላይ ይደራረባል።

አንዲት የኡኬ እናት እብጠቱን አግኝታ ለመታከም ቆረጠች እንበል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ነቀምቴ ትወርዳለች። እዚያ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን ተመልሳ መምጣት አለባት። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ የሚደጋገም ኬሞቴራፒ ሊታዘዝላት ይችላል። የጨረር ሕክምና ካስፈለጋት ደግሞ ወይ ወደ ጅማ፣ ወይ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ ይኖርባታል። በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም የወለጋ ሰው ያውቀዋል።

በእያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ወደ ቤት የሚመልስ ምክንያት አለ። የትራንስፖርት ገንዘብ አለቀ፤ ልጆቹን የሚይዝ ጠፋ፤ ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ አልታወቀም፤ ሐኪሙ በአማርኛ የነገራት በኦሮምኛ አልተብራራላትም፤ «ጡትሽ ይቆረጣል» የሚለውን ሰምታ ደንግጣ ወጣች። አንድ ጊዜ ከተመለሰች ደግሞ ስልክ ደውሎ «ለምን ቀረሽ?» የሚላት የለም።

ችግሩ ከዚህም ወለጋ ተመዝግቧል። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው፣ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚተዳደረው የአይራ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 የታከሙ ከመቶ በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ታሪክ ተከታትሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። እነዚህ ሆስፒታል ደርሰው ሕክምና ያገኙት ናቸው። ያልደረሱትን የቆጠራቸው የለም።

ይህ ዕጣ ሊለወጥ እንደሚችል ግን የታየበት ቦታ አለ። በኒው ዮርክ ሃርለም የሚኖሩ ድሃ ጥቁር ሴቶች እንደኛዎቹ ዘግይተው ይመጡ ነበር። ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ቀላል ነገር ጀመሩ፤ ታማሚዋን ከምርመራ እስከ ሕክምና ፍጻሜ እጇን ይዞ የሚያደርስ ሰው መደቡ። ቀድሞ አምስት ዓመት በሕይወት የሚቆዩት ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ፤ ሴቶቹን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ መመርመር ከዚህ ድጋፍ ጋር ሲጣመር ቁጥሩ ወደ 70 ከፍ አለ።

በአገራችንም ደቡብ በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ 162 ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በከፊሎቹ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎቹን ያስተምሩ፣ ያጽናኑና ይከታተሉ ነበር። በነዚህ ሆስፒታሎች ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን በአግባቡ የወሰዱት ከመቶ 70 ሲሆኑ፣ ክትትሉ ባልነበረባቸው ግን 45 ገደማ ብቻ ናቸው። ክኒኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው «እንዴት ነሽ?» የሚል ሰው መኖሩ ነው። ከክፍለ አገር መጥተው አዲስ አበባ ለሚታከሙም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያና ምግብ በመስጠት ብዙዎችን ከጎዳና አድኗል።

ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመስጂዱ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታክም ነበር። የታመመን መጠየቅም ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ ነው። አስታማሚ መሆንን እናውቅበታለን። አሁን የሚያስፈልገው ከመኝታው ራስጌ ተነስተን ታማሚዋን በመንገዷ ላይ መምራት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በዚህ ረመዳን እያንዳንዱ የመስጂድ ጀመዓ ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ ሴቶችን ይምረጥ። የሚታመኑ፣ ምስጢር የሚጠብቁ፣ ቢቻል ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ይሁኑ። ከሆስፒታሉ ነርሶችና ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተቀምጠው የምልክቶቹን፣ የሪፈሩንና የጤና መድኑን ነገር ይማሩ። ሥራቸው ቀጠሮ ማስታወስ፣ አብሮ መሄድ፣ ወረፋ መያዝ፣ የተባለውን በቤት ቋንቋ ማስረዳት፣ የቀረችውን መፈለግ ነው። መድኃኒት ማዘዝና መከልከል የሐኪም ነው፤ በዚያ አይገቡም።

ወጪውስ? ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ድሆችና ምስኪኖች ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ መንገደኛም ከነርሱ ይቆጠራል። ታክማ እንዳትድን የአውቶቡስ ሒሳብ የከለከላት እናት ከዚህ ውጭ አትሆንም። አከፋፈሉን ኢማሞቻችንና የዘካ ኮሚቴዎቻችን ይመሩናል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መድኃኒቱና ማሽኑ፣ ባለሙያውም ከመንግሥት ይጠበቃል። ይህን መጠየቃችንንም አንተው። ሆኖም ማሽኑ ቢተከልም ከኡኬ የምትነሳዋን እናት እጇን ይዞ የሚያደርሳት ጎረቤቷ ነው። ሌላው ደግሞ «የሴት ገመና ይወጣል» ይላል። ገመናዋ የሚጠበቀው የታመነች ሴት ስታጅባት ነው፤ ዝምታማ ቁስሉ ሸትቶ ሰው ሁሉ እስኪያውቀው ያደርሳታል። ሩቅያና ዘምዘምን የሚያስቀድሙም አሉ። ዱዓው ይቀጥል፤ ግን ግመሉን ሳያስሩ በአላህ መመካት እንደማይገባ ተምረናል። ሕክምና ከሰበቦች አንዱ ነው።

ስለ ጾሙም አንድ ነገር ይነገር። «ረመዳን ይውጣ» ብለው ሕክምና የሚያዘገዩ እህቶች አሉ። አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን እንዲተው ፈቅዶለታል፤ የሚድነው ኋላ ቀዳ ያወጣል፣ የማይድነው ፊድያ ይከፍላል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለች ሴት ቀጠሮዋን አታሳልፍ። ታሞክሲፈን የምትወስድ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ፣ ሐኪሟ መጾም ትችያለሽ ካላት ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ልትወስደው ትችላለች። ዋናው ሳታቋርጥ መቀጠሏ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአምስት ዓመት ይታዘዛል።

ኢማሞችና ኡስታዞች ከተራዊሕ በኋላ ለዚህ አሥር ደቂቃ ቢሰጡ፣ በሴቶች ሶፍ በኩል ብዙ የተደበቀ ሕመም ይወጣል። በጡት ወይም በብብት ሥር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ያየች እህት ዒድን አትጠብቅ። ባሎችም ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፤ ልጆችም እናቶቻችሁን። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ የምትሄድ ካለች፣ አብሯት የሚሄደው ማን እንደሆነ ዛሬ ማታ ከኢፍጣር ማዕድ ሳትነሱ ወስኑ።