ባሕር ስንመኝ ሐይቁን እንዳናጣ

የባሕር በር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፖለቲካችን ዐቢይ አጀንዳ ሆኗል። ይሁን፤ እኔ ግን በእጃችን ያሉትን የውኃ ዳርቻዎች እንዴት እንደያዝናቸው መጠየቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። ከአሰላ በስተደቡብ ምዕራብ የሙኔሳ ደን ዝግባውን ይዞ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። የሐይቁን ምዕራባዊ ዳርቻ መዝናኛዎች ተቀራምተውታል (መግቢያ ያልከፈለ ውኃውን በአጥር ቀዳዳ ይመልከት!)። በቅርቡ ወርጄ ያየሁት ምሥራቁ ግን በብዙ ስፍራ ከእረኛና ከከብቱ በቀር የሚረግጠው የለም። ሐይቁን የሚመግቡት እነ ሁሉቃና ገደምሶ የሚነሡት ከአርሲ ተራሮች ነው፤ ደኑ በተመነጠረ ቁጥር አፈሩ ሐይቅ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲያው ከባለሀብት ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ለሕዝብ የሚቀረው ዳርቻ በወረቀት ሳይሆን በመሬት ላይ ይከለል፤ ደኑም ከሐይቁ ሳይነጠል ይጠበቅ።